የአዲሱን የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ቀበቶ ማን እንደሚነጥቀው እንዴት መገመት ይቻላል

አዲስ ሻምፒዮን በተገኘ ቁጥር ክርክሩ ይጀምራል። «ይሄን ማን ይጥለዋል?» አንዱ ጡንቻው የፈረጠመውን ይጠራል፣ ሌላው የሚወደውን ቦክሰኛ። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይስታሉ። ምክንያቱም ቀበቶውን የሚነጥቀው መጀመሪያ ሪንጉ ውስጥ የመግባት ዕድል ያገኘ ሰው ነው። ስለዚህ ከቡጢው በፊት ወረቀቱን እንይ።

1. የመልስ ግጥሚያ ውል አለ ወይ?

የተሸነፈው ሻምፒዮን ትልቅ ስም ካለው፣ ብትሸነፍ ድጋሚ ትገጥማለህ የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። ስለዚህ የዝርዝራችሁ የመጀመሪያ ስም ብዙውን ጊዜ አሁን የወደቀው ሰውዬ ራሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 ሊዮን ስፒንክስ በፕሮፌሽናልነት 7 ግጥሚያ ብቻ አድርጎ መሐመድ አሊን አሸነፈ። ከሰባት ወር በኋላ አሊ አስመለሰ። በ2001 ሐሲም ራህማን ሌኖክስ ሉዊስን በ5ኛው ዙር ዘረረው። ሉዊስ እዚያው ዓመት ውስጥ በ4ኛው ዙር ዘርሮ ሂሳቡን ዘጋ። በ2019 አንዲ ሩይዝ አንቶኒ ጆሽዋን ኒውዮርክ ላይ ጉድ አደረገው፤ ከስድስት ወር በኋላ ጆሽዋ ቀበቶዎቹን መልሶ ወሰደ።

ግን ያው ጆሽዋ በ2021 በኦሌክሳንደር ኡሲክ ተሸነፈ፣ በ2022ም ድጋሚ ተሸነፈ። ልዩነቱ ምንድነው? የመጀመሪያው ሽንፈት እንዴት እንደመጣ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ ትልቁ ሥራ ይሄ ነው።

ሉዊስ የወደቀው በአንድ የቀኝ ቡጢ ነው። ከዚያ በፊት ፊልም ሲቀርጽ ቆይቶ ከፍታ ላይ ወዳለው የግጥሚያ ቦታ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ይሄ የሚታረም ነገር ነው። የጆሽዋንና የሩይዝን ደግሞ 3ኛውን ዙር መልሳችሁ እዩት። ጆሽዋ ቀድሞ ሩይዝን ጣለው። ከዚያ ሊጨርሰው ዘሎ ገባ፤ እጁ በተከፈተበት ቅጽበት የሩይዝ የግራ ቡጢ ጆሮ ግንዱ አካባቢ አረፈች። ከዚያ በኋላ እግሩ የራሱ አልነበረም። ይሄም መድኃኒት አለው፦ አትቅረበው። በመልሱ ጆሽዋ 12 ዙር ሙሉ በጃብ (በፊተኛው እጅ በሚሰነዘር ፈጣን ቀጥ ያለ ቡጢ) እያራቀ፣ እየዞረ ጨረሰው። ሰው ደባሪ ነበር ብሎ አማ፣ ቀበቶው ግን ተመለሰ።

ከኡሲክ ጋር ግን አንድ መጥፎ ሰከንድ አልነበረም። ሙሉ ሌሊቱን ነው የተበለጠው። በመልሱ ተሻሽሎ ቀረበ፣ አልበቃውም። እንግዲህ መለኪያው ይሄ ነው፦ ሽንፈቱ በአንድ ስህተት ከመጣ የቀድሞውን ሻምፒዮን አስቀድሙ። ዙር በዙር ከተበለጠ ስሙን ወደ ታች አውርዱት።

2. ወረፋውን ቁጠሩ

ዋና ዋናዎቹ ቀበቶ ሰጪዎች አራት ናቸው፦ ደብሊው ቢ ኤ፣ ደብሊው ቢ ሲ፣ አይ ቢ ኤፍ እና ደብሊው ቢ ኦ። እያንዳንዳቸው ሻምፒዮኑ የግድ ሊገጥመው የሚገባ ተፋላሚ አላቸው። ቡስተር ዳግላስ በ1990 ቶኪዮ ላይ ማይክ ታይሰንን ሲዘርር፣ ኢቫንደር ሆሊፊልድ ወረፋው ላይ አንደኛ ሆኖ ይጠብቅ ነበር። በዚያው ዓመት ቀበቶዎቹን የወሰደው እሱ ነው። ኡሲክም ጆሽዋን ያገኘው በዚሁ በግዴታ ወረፋ ነው።

ደግሞ ቀበቶ ያለ ቡጢም ይሄዳል። ስፒንክስ ከኬን ኖርተን ይልቅ አሊን ስለመረጠ ደብሊው ቢ ሲ ቀበቶውን ነጠቀው። ሪዲክ ቦው በ1992 ከሉዊስ ጋር ከመግጠም ይሻላል ብሎ የደብሊው ቢ ሲን ቀበቶ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለው፤ በካሜራ ፊት! ታይሰን ፉሪ በ2015 ክሊችኮን ካሸነፈ በኋላ የአይ ቢ ኤፍን ቀበቶ በቀናት ውስጥ አጣ። ስለዚህ አራቱንም የያዘ ሰው ካለ፣ ሁሉንም ይዞ ይቆያል ብላችሁ አትወራረዱ።

3. ሚዛኑን ጠብቁ

ዳግላስ ለታይሰን 105 ኪሎ ሆኖ ቀረበ። ለሆሊፊልድ ሲመጣ 111 ኪሎ ተኩል ነበር። ሩይዝ በመልሱ 7 ኪሎ ያህል ጨምሮ መጣ፤ ከግጥሚያው በኋላ ፈንጠዝያው እንደበዛ ራሱ አመነ። ጆሽዋ በተቃራኒው ወደ 5 ኪሎ ቀንሶ ነበር። በከባድ ሚዛን የላይ ገደብ ስለሌለ ማንም «አልፈሃል» አይለውም። የዘነጋ ሻምፒዮን የሚታወቀው እዚያች ሚዛን ላይ ነው።

4. የአሸናፊውን ቀዳዳ ፈልጉ

«ሀ ለን አሸነፈ፣ ለ ደግሞ ሐን፣ ስለዚህ ሀ ሐን ያሸንፋል» የሚለው ስሌት ቦክስ ላይ አይሠራም። ጆ ፍሬዘር በ1971 አሊን አሸነፈ። ጆርጅ ፎርማን በ1973 ፍሬዘርን በ2 ዙር አደቀቀው። በዚህ ስሌት በ1974 ኪንሻሳ ላይ አሊ መሞት ነበረበት። አሊ ግን ፎርማንን በ8ኛው ዙር ዘረረው።

ይልቅ ሻምፒዮኑ ያሸነፈበትን ግጥሚያ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩ፤ የተንታኞቹ ጩኸት ያሳስታል። በደንብ የምታዩት የተሸነፈባቸውን ዙሮች ነው። ጃብ ሲመጣበት እጁ ይወርዳል? ሲደክም ቀጥ ብሎ ይቆማል? ግራኝ ካስቸገረው ወረፋው ላይ ግራኝ አለ? ዳግላስ ሆሊፊልድ ላይ ከሩቅ ኡፐርካት (ከታች ወደ ላይ የሚመጣ ቡጢ) ሰደደ። ቡጢዋ ከታች ስትነሳ አገጩ ያለ ጠባቂ ቀረ። ሆሊፊልድ ሸርተት ብሎ በቀኝ ቀጥ ያለ መለሰለት፣ በ3ኛው ዙር አበቃ። ከሩቅ ኡፐርካት የሚወረውር ሻምፒዮን ካያችሁ፣ ፈጣን ቀኝ ያለውን ተፋላሚ ስም ጻፉ።

5. በመቶኛ አስቀምጡት

አንድ ስም ብቻ አትምረጡ። ለምሳሌ ለቀድሞው ሻምፒዮን 40፣ ለወረፋው አንደኛ 30፣ ለሌሎች የታወቁ ስሞች 15፣ ያልታሰበ ሰው ለሚለው ደግሞ 15። የመጨረሻውን ዜሮ አታድርጉት። አንዳንድ አቋማሪዎች ለዳግላስ 42 ለ1 ሰጥተውት ነበር። ሩይዝ የገባው በሌላ ቦክሰኛ ምትክ ነው። በ1994 ደግሞ ማይክል ሞረር ሆሊፊልድን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ፤ በወራት ውስጥ የ45 ዓመቱ ፎርማን ከ20 ዓመት በፊት ኪንሻሳ የለበሰውን ቁምጣ አጥልቆ መጣ። ሞረር በነጥብ እየመራ ነበር። በ10ኛው ዙር ፊት ለፊት ቆመለት፣ የሽማግሌው ቀኝ አገጩን አገኘው።

ግምቱን አዲሱ ሻምፒዮን ባሸነፈበት ዕለት ማታ አትጻፉ፣ ስሜት ይገባበታል። የሚቀጥለው ውል ሲፈረም ጻፉት፣ ሚዛን የሚወጡ ቀን ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ አስተካክሉት።