ቀለሁ ዳይ ውስጥ ተቀረቀረ? ጥይት መልሰው መሙላት ለጀመሩ

አሜሪካ ውስጥ የተኮሱትን ቀለህ ለቅመው ቤታቸው መልሰው የሚሞሉ ጀማሪዎች ሁሉ ስለ ባሩድ ይጨነቃሉ። መጀመሪያ የሚያስቸግራቸው ግን ቀለሁ ነው። ምሳሌዬ 223 ሬሚንግተን የሚባለው የጠመንጃ ጥይት ነው።

ቀለሁ ገብቶ አልወጣም ሲል
እኔን በመጀመሪያው ሳምንት ነው የገጠመኝ። ፕሬስ ቀለሁን ዳይ ውስጥ፣ ማለትም ልኩን በሚመልስለት የብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ፣ የሚጨምቅ መሣሪያ ነው፤ የፕሬሱ እጀታ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ጉልበት ጨመርኩ፤ ቀጭ አለና የቀለሁ ጠርዝ ተገሽልጦ እጀታው ባዶውን ተመለሰ። ለካ ያንን ቀለህ ቅባት ሳላስነካው ነው ያስገባሁት። መዶሻ አታንሱ። ዳዩን ፍቱ፣ ፕራይመር (ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን ትንሽ ቆብ) የሚያወጣውን ዘንግ ንቀሉ፣ ከዚያ የቀለሁን መቀመጫ (የታች ወለሉን) በስታችሁ ጥርስ አውጡለትና በብሎን ሳቡት። ለዚሁ የሚሸጥ ኪት አለ፤ ሳይቸግራችሁ ግዙት። ያልተተኮሰ ፕራይመር ካለበት ግን መሰርሰሪያ እንዳታስጠጉ።

የቀለሁ ትከሻ (ወደ አንገቱ የሚጠብበት ቦታ) ከሰረጎደ ደግሞ ቅባቱ በዝቷል ማለት ነው፤ ዘይት መሄጃ ሲያጣ ብረቱን ይገፋል። ትንሽ ስርጉድ ሲተኮስ ይቃናል፤ የታጠፈውን ጣሉት።

አዲሱ ፕራይመር አልገባም ሲል
ቀለሁ የጦር ሠራዊት ሊሆን ይችላል። ሠራዊቱ ፕራይመሩ እንዳይወጣ ዙሪያውን ይጨፈልቀዋል። ያንን ከንፈር አንድ ጊዜ መላጥ ወይም ስዌጀር በሚባል መሣሪያ መግፋት ይበቃል። በጉልበት አትጫኑ፤ ፕራይመር እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

አንገቱ ሲሰነጠቅ
ቀለህ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው፤ በተተኮሰና በተጨመቀ ቁጥር ይደርቃል። የተሰነጠቀ አይጠገንም፤ የቀሩትን አንገታቸውን በእሳት ማለስለስ ዕድሜ ይጨምርላቸዋል። አሞኒያ ባለበት ማጽጃ አትጠቡ። በቅኝ ግዛት ዘመን ህንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ጥይት በዝናብ ወራት ይሰነጠቅ ነበር፤ ጥፋተኛው የፈረስ ሽንት አሞኒያ ሆኖ ተገኘ።

ርዝመቱ ሲያልፍ
በዳይ ካለፈ በኋላ በካሊፐር (በርዝመት መለኪያ) ለኩት። ከ1.760 ኢንች ከበለጠ ወደ 1.750 ቁረጡት። ረጅም አፍ ጠመንጃው ውስጥ ተጨብጦ እርሳሱን አልለቅም ይላል፤ ግፊቱም ይንራል።

ከመቀመጫው በላይ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ሲታይ
ይኼኛውን አትናቁት። ዳዩ ትከሻውን ከልክ በላይ ወደ ኋላ ሲመልሰው፣ ጥይቱ ሲተኮስ ቀለሁ ይለጠጥና እዚያ ቦታ ላይ ይሳሳል። ነገ ለሁለት ይበጠሳል፤ ግማሹ ጠመንጃው ውስጥ ይቀራል። የወረቀት ክሊፕ ጫፉን አጥፉና በውስጥ በኩል ከታች ወደ ላይ ጎትቱት፤ ቦይ ካለ ጫፉ ይያዛል። ዳዩን ትንሽ ወደ ላይ መልሱ፤ በእጅ ለሚጎረስ ጠመንጃ ትከሻው ከተተኮሰበት ልክ 0.002 ኢንች ያህል ቢመለስ ይበቃዋል። ክሊፑ የተያዘበትን ቀለህ በፒንሳ ጨፍልቁት፤ ያለዚያ ከሳጥኑ ደግማችሁ ታነሱታላችሁ።