ለወፍራም እንጨት የሚሆን መጋዝ እንዴት ይመረጣል?

መጋዝ ሲመረጥ ብዙ ጊዜ ዓይን የሚያርፈው በዲስኩ ስፋት ወይም በሞተሩ ጉልበት ላይ ነው። እንጨቱ ወፍራም ሲሆን ግን ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ስንት ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ይገባል የሚለው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሜትር ያንሡና የእንጨቱን ውፍረትና ወርድ ይለኩ። አቆራረጡ ሰያፍ ከሆነ ቁጥሩ ይለወጣል፤ 10 ሴንቲሜትር የሆነ እንጨት በ45 ዲግሪ ሲቆረጥ መጋዙ ማለፍ ያለበት ወደ 14 ሴንቲሜትር ነው።

ቀጥሎ አቅጣጫውን ይወስኑ። ቃጫውን፣ ማለትም በእንጨቱ ርዝመት የሚሄደውን ክር፣ አቋርጦ የሚቆርጥ መጋዝ ጥርሱ እንደ ቢላ የሾለ ነው። ቃጫውን ተከትሎ የሚሰነጥቀው ደግሞ የጥርሱ አፍ እንደ መሮ ጠፍጣፋ ነው። በማቋረጫው መሰንጠቅ ይቻላል፣ ክንድ ይጨርሳል እንጂ። በመሰንጠቂያው ማቋረጥ ግን የእንጨቱን ፊት ይቦጫጭቀዋል።

ከዚያ የሚቆረጠውን ይቁጠሩ። አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ከሆነ፣ በእኔ እምነት፣ ጥሩ የእጅ መጋዝ ይበቃል። ርዝመቱ 55 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ይሁን፤ አጭር መጋዝ ሰጋቱራውን ከውስጥ ጠርጎ አያወጣም። ለማቋረጥ በአንድ ኢንች ከ5 እስከ 8 ጥርስ ያለው ተስማሚ ነው። ጀርባው ላይ ወፍራም ብረት የተደረበበትን መጋዝ ግን ይተዉት። ብረቱ እንጨቱ ላይ ሲደርስ መጋዙ እዚያው ይቆማል።

ሥራው ብዙ ከሆነ የኤሌክትሪክ ክብ መጋዝ ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በብዛት የሚገኘው የ184 ሚሊሜትር ዲስክ ግማሹ 92 ነው። ነገር ግን የዲስኩ መያዣና የመጋዙ እግር (እንጨቱ ላይ የሚያርፈው ጠፍጣፋ ብረት) ስለሚቀንሱበት ቀጥ ብሎ ሲቆርጥ የሚገባው ወደ 65 ሚሊሜትር፣ በ45 ዲግሪ ሲያጋድል ደግሞ ወደ 45 ሚሊሜትር ብቻ ነው። 10 ሴንቲሜትር እንጨት እንኳ በአንድ ጊዜ አይበጥስም። በሁለት ወገን ግን ይበጥሳል፤ እንጨቱን ገልብጦ ከተቃራኒው መጨረስ ነው። መስመሮቹ እንዲገናኙ በእስኳድራ (በቀጥተኛ ማዕዘን መለኪያ) አራቱንም ፊት ያስምሩ። መነሻው በአንድ ሚሊሜትር ከተዛባ ሁለቱ ቁርጦች አይገጥሙም፣ የተቆረጠው ፊት ላይ እንደ ደረጃ ያለ ከፍታና ዝቅታ ይቀራል።

15 በ15 ሴንቲሜትር ለሆነ እንጨትም ትልቅ መጋዝ መግዛት ግድ አይደለም። በዚሁ መጋዝ ከአራቱም ፊት 6 ሴንቲሜትር ያስገቡ። መሃል ላይ 3 በ3 የሆነ እምብርት ይቀራል፤ እሱን በእጅ መጋዝ ይጨርሱት። ቀድሞ የተከፈተው መስመር መጋዙን እየመራው ስለሚሄድ ጠማማ እጅም አያበላሸውም። እኔ ከሁሉም የምወደው ዘዴ ይህ ነው። ለዲስኩ 24 ያህል ጥርስ ይበቃዋል። ጥርሱ ሲበዛ ፊቱ ይለሰልሳል፣ ነገር ግን በወፍራም እንጨት ላይ ይዘገያል፣ ይሞቃል፣ እንጨቱንም ያቃጥላል።

የሰንሰለት መጋዝ ለፍጥነት ወደር የለውም፤ ለመገጣጠሚያ ግን ሸካራ ነው፣ የሚበላውም ስንጥቅ ሰፊ ነው። ከመረጡት የመጋዙ ምላስ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) ከእንጨቱ ውፍረት ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ይርዘም። የምላሱ ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት ከነካ መጋዙ ወደ ሰውየው ፊት ይወረወራል፤ ያለ ዓይንና ጆሮ መከላከያም አይነሣም።

ወደፊትና ወደኋላ የሚመላለሰው የኤሌክትሪክ መጋዝ ለማፍረሻ እንጂ ለቀጥታ መስመር አይደለም፤ ረጅም ስለቱ ወፍራም እንጨት ውስጥ ይጎብጣል። ምስማር ያለበት አሮጌ እንጨት ከሆነ ግን ብረትም የሚቆርጥ ስለት ገጥመው ይጠቀሙበት። አሮጌ እንጨትን በሌላ መጋዝ ከመቁረጥዎ በፊት በማግኔት ይፈትሹት።

መጋዙ ተመርጦ ሥራ ሊጀመር ሲል የእንጨቱን አቀማመጥ ይዩ። ሁለቱ ጫፎች ተደግፈው መሃሉ ከተቆረጠ እንጨቱ ወደ ታች ይሰምጥና ስንጥቁ መጋዙን ይነክሰዋል። ክብ መጋዝ ከተነከሰ ወደ ኋላ ይዘላል። ድጋፉን ከመስመሩ ወዲህ፣ በሚቀረው ክፍል ሥር ያድርጉና የሚቆረጠው ጫፍ ነጻ ሆኖ እንዲወድቅ ይተዉት። የሚወድቅበትን ቦታ ከእግርዎ ያርቁ።