ከአባት የመጣች አሮጌ ሞተር፦ ጅማ ላይ እንዴት ትነዳለች?

አባቴ ያማሃ ዲቲ 125ቷን ያገኛት ከመሥሪያ ቤት ጨረታ ነው። በጅማ ዙሪያ ያሉትን ወረዳዎች፣ ማናን፣ ጎማን፣ ሊሙን፣ ቡና ያለበትን ሁሉ ዞሮባታል። ከዚያ ጉልበቱ ደከመና ጓሮ ተቀመጠች፤ ዝገትም በላት። ኋላ እኔ አነሳኋት። ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንኩ) ታጠበ፣ ሲሊንደሩ ሬክቲፊካ ተደረገ (የተበላው ውስጡ ተስተካከለ)፣ ቀለም ተቀባች፣ አዲስ መሰለች። የሚሸውደውም ይሄ ነው። መልኳ የዛሬ ሆነ እንጂ ጠባይዋ የድሮው ነው፣ እና እንደ ዛሬ ሞተር ተነስቶ የሚፈተለክባት ሰው ሳምንት ሳይሞላው ጋራዥ ይመልሳታል።

ወረቀቱን ቶሎ እንለፈው። ሊብሬው በአባት ስም ከሆነና አባት በሕይወት ካለ፣ የስጦታ ውል አድርጋችሁ ስሙን አዙሩ። ካለፈ ደግሞ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ከዚያ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ የሞተር መንጃ ፈቃድ፣ ሄልሜት። «የአባቴ ናት» ለትራፊክ መልስ አይሆንም።

አሁን ወደ ማስነሳቱ። ሩቢኔቶውን (ከታንኩ ሥር ያለውን የቤንዚን መዝጊያ) ክፈቱ፣ ጠዋት ከሆነ ቾኩን (ለቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን የሚያበዛውን) ሳቡ፣ ነዳጅ መስጫውን አትንኩ። የእግር ማስነሻውን ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ስትገፉት አንድ ቦታ ላይ ይከብዳል። እዚያ ላይ ወደ ላይ መልሱትና በሙሉ ክብደታችሁ አንዴ ርገጡ። አሥር ጊዜ በንዴት መርገጥ ቤንዚን ያጥለቀልቃታል፣ እግርም ያስመታል። ከታፈነች ሩቢኔቶውን ዝጉ፣ ቾኩን መልሱ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ አራት አምስቴ ርገጡ። እምቢ ካለች ካንዴላውን ፍቱና አድርቁት። ካንዴላ መፍቻ የሌለው ሰው አሮጌ ሞተር ይዞ ከግቢ ባይወጣ ይሻላል።

ቱ ስትሮክ ሞተር ውስጥ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚቃጠል ዘይት ነው። የእኔዋ ዘይቱን የምታገኘው ከራሷ ፓምፕ ነው። ሞተር ተፈቶ ሲገጠም ግን ቱቦው ውስጥ አየር ይቀራል፤ አየሩ ካልወጣ ዘይት አይደርስም፣ ፒስተኑም ይነክሳል፣ ማለትም ግሎ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል። ስለዚህ አየሩን አስወጡ። የመጀመሪያውን ሰልባትዮ ደግሞ ለመተማመኛ በየሊትሩ 20 ሚሊ የቱ ስትሮክ ዘይት ቀላቅሉበት። የመኪና ሞተር ዘይት አይደለም፣ የቱ ስትሮክ። ቤንዚኑንም ከማደያ ቅዱ። መንገድ ዳር በሃይላንድ ከሚሸጠው ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ እግዜር ይወቀው።

ሲሊንደሩ ሬክቲፊካ ከተደረገ የመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር ትምህርት ቤት ነው። እስከ መጨረሻው አትክፈቱ፣ ግን ደግሞ እያጓራች በዝቅተኛ ፍጥነት በከባድ ማርሽ አትጎትቷት፣ በአንድ ፍጥነትም ለረጅም ጊዜ አትንዱ። ከፈረንጅ አራዳ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው ዳገት ጥሩ ፈተና ነው። አጭር ነው፣ ላይ ስትደርሱ አጥፍታችሁ ታቀዘቅዟታላችሁ፣ እግረ መንገዳችሁንም ከተማዋን ቁልቁል ታያላችሁ። ስትወጡ ድምጿ በድንገት ከደረቀ ወይም ጉልበቷ ጥፍት ካለ ፒስተኑ ሊነክስ ነውና ፍሪሲዮኑን ያዙ። ወዲያው! ለዚህ ነው ሁለት ጣት ሁልጊዜ ፍሪሲዮን ላይ የሚቀመጠው።

ቁልቁለቱ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ በጣም የተሳሳትኩት እዚያ ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ ኋላው አድርጎኝ ከጅሬን ስንወርድ በየመሃሉ ፍሪሲዮን ይዞ ቡም ቡም ያደርጋት ነበር። ጉራ ይመስለኝ ነበር። ለካስ የዘይት ፓምፑ የሚሰጠው መጠን ከነዳጅ መስጫው ጋር የተያያዘ ነው፤ ነዳጅ መስጫው ተዘግቶ ጎማው ሞተሩን በፍጥነት ሲያሽከረክረው ፒስተኑ ይሮጣል፣ የሚደርሰው ዘይት ግን ጠብታ ነው። ቤንዚን ውስጥ ለሚቀላቅሉትም ያው ነው። ስለዚህ ረጅም ቁልቁለት ላይ በየጥቂት ሰከንዱ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ትንሽ ስጧት። ደግሞም ቱ ስትሮክ ማርሽ ቀንሳችሁ ብትለቋት እንደ ሌላው ሞተር አጥብቃ አትይዝም፣ ስለዚህ ሥራው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ እሱም ዲስክ ሳይሆን ከበሮ ነው። ከበሮ ሲግል ይላላል። ሳትፈጥኑ ውረዱ፣ ፍሬኑን እየያዛችሁ እየለቀቃችሁ እንጂ ዝም ብላችሁ ረግጣችሁ አትቆዩ።

ዝናብ ላይ ደግሞ ሌላ ነው። ጅማ ክረምቱ ረጅም ነው፣ ቀይ ጭቃውም ኮብልስቶኑ ላይ ሲለጠፍ ሳሙና ነው። ውሃ ውስጥ ካለፋችሁ የከበሮው ሸራ ስለሚርስ እስኪደርቅ ድረስ ፍሬኑን ቀለል አድርጋችሁ እየያዛችሁ ንዱ። በደረቅ አስፋልት የፊት ፍሬን ነው የሚያቆመው፤ ጭቃ ላይ ግን በፊት ፍሬን የሚተማመን ሰው አዌቱ ወንዝ ድረስ ተንሸራቶ ቢገኝ አይገርመኝም። ባጃጅ ደግሞ ተሳፋሪ ካየ ቀጥ ይላል፣ ፍሬቻ አትጠብቁ። ርቀት ጠብቁ።

ካርቡራቶሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) የሚያስተካክልላችሁን ሰው ደግሞ ስለ ከፍታው አስታውሱት። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥቁር፣ እርጥብ ይሆናል። ዋናዋን የቤንዚን ቀዳዳ በአንድ ቁጥር ማሳነስ ይረዳል። ካንዴላው ቡና ሲቆላ መሃል ላይ የሚያመጣውን ቀለም ካመጣ ተዉት። ነጭ ከሆነ ግን አሳንሳችኋል፣ ሞተሩ ይግላል። በተለይ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ጊቤ በረሃ ከጅማ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፣ አየሩም ይወፍራል፣ ሙቀቱም አለ። ጅማ ላይ በጣም ያሳነሰ ሰው እዚያ ይቀጣል። ለነገሩ 350 ኪሎ ሜትር ገደማውን ከመሞከራችሁ በፊት አጋሮን ደርሳችሁ ተመለሱ፣ ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የሚላላ ብሎንም ካለ እዚያው ይታወቃል።

የእኔዋ መብራት ባለ 6 ቮልት ነው። ፍጥነት ስትቀንሱ እንደ ኩራዝ ይደክማል። ማታ 12 ሰዓት ሳይሞላ ግቢ ግቡ።

ስትመለሱ ደግሞ ከቤት ትንሽ ቀደም ብላችሁ ሩቢኔቶውን ዝጉና በቀስታ ግቡ። አባቴ ሁልጊዜ ሰፈር መግቢያው ላይ ጎንበስ ብሎ የሚዘጋው ለዚህ ነበር። ካርቡራቶር ውስጥ የቀረ ቤንዚን ሲተን ሙጫ የመሰለ ነገር ትቶ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ክፍት የተተወ ሩቢኔቶ ደግሞ አንዳንዴ ሌሊቱን ሞተሩ ውስጥ ቤንዚን ያንጠባጥባል። የት ላይ እንደሚዘጋ ለማወቅ ጊዜ ይፈጃል። እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ ገፍቻታለሁ፣ የሰፈር ልጆች እየሳቁ። አባቴ በረንዳ ላይ ሆኖ ድምጿ ሲቋረጥ ይሰማና ገና በሩን ሳልከፍት «ዛሬም ቀድመህ ዘጋህ» ይለኛል።