የጫካ ሮቡስታ ቡናን በእጅ ሲያዳቅሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በምዕራብ ኡጋንዳ፣ ኪባሌ ጫካ ውስጥ ሮቡስታ ቡና ዱር በቀል ነው። አንድ ቁጥቋጦ አብቦ ፍሬው ሲያንስ ጥፋቱ የንብ ማነስ ነው ወይስ የማይስማማ ብናኝ (የአበባ ዱቄት)? ይህን ለመለየት አበባውን በእጅ ማዳቀል ያስፈልጋል፤ ሥራው የሚበላሸውም እነዚህ ላይ ነው።

ሮቡስታን እንደ አረቢካ ማየት። የካፋና የጅማው አረቢካ በገዛ ብናኙ ያፈራል፤ አበባው ቢሸፈን እንኳ ፍሬ ይይዛል። ሮቡስታ የራሱን ብናኝ አይቀበልም። ንብ ደጋግማ ብታርፍበትም ያመጣችው የዚያኑ ቁጥቋጦ ብናኝ ከሆነ ፍሬ የለም።

ብናኝ ከቅርብ መልቀም። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ጎረቤቱ ቁጥቋጦ ከአንድ እናት የወጣ ሊሆን ይችላል። መቀበልን የሚወስነው ኤስ የሚባለው ዘረመል ነው፤ ብናኙን የምትቀበለው ተክል ኤስ1 እና ኤስ2 የሚባሉት ዓይነቶቹ ካሏት፣ ከሁለቱ አንዱን የያዘ ብናኝ ሁሉ ይታገዳል። ብናኝ ሰጪው ተክል ኤስ1 እና ኤስ3 ከሆነ የሚሠራው የብናኙ ግማሽ ብቻ ነው። በአንድ ሰጪ ሞክሮ «ይህ ተክል መካን ነው» ማለት አይቻልም። ተራርቀው የቆሙ ቢያንስ ሦስት ሰጪዎች ይምረጡ፤ ብናኛቸውን ሳይቀላቅሉ በየራሱ ቅርንጫፍ ላይ ይቀቡ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፉ መቆንጠጫውን በአልኮል ይጥረጉ።

በመረብ መሸፈን። መረብ ንብን ይከለክላል፤ ነፋስን ግን አይከለክልም፣ የሮቡስታን ብናኝ ደግሞ ነፋስም ያጓጉዘዋል። ላስቲክ ሙቀትና እርጥበት አምቆ አበባውን ያበሰብሳል። ወፍራም የወረቀት ከረጢት ይሻላል፤ ከራሰ ይቀየር። ዝናብ በጣለ በሳምንት ግድም አበባው ስለሚፈነዳ ቀን ይቁጠሩ፤ እምቡጡ ነጥቶ ሻማ ሲመስል ይሸፍኑ። ፈንድቶ ካገኙት ያንን ቅርንጫፍ ይተዉት።

ማነጻጸሪያ መርሳት። በአንድ ቁጥቋጦ ላይ አራት ዓይነት ቅርንጫፍ ያስፈልጋል፦ ተሸፍኖ ያልተነካ፣ በራሱ ብናኝ የተቀባ፣ በሌላ የተቀባ፣ ክፍት የተተወ።

ፍሬን ቶሎ መቁጠር። አበባው ሳይሸፈን በፊት ካልተቆጠረ የኋላው ቁጥር ትርጉም የለውም። ፍሬው ለመብሰል ከ9 እስከ 11 ወር ይፈጃል፣ በመካከል ብዙው ይረግፋል። ሲበስልም ፍሬውን ብቻ አይቁጠሩ፤ ሰንጥቀው ውስጡን ይዩ። ሁለት ዘር ሙሉ ነው፤ አንድ ክብ ዘር ከሆነ ሌላኛው ሳያድግ ቀርቷል።