ፒ53 ባንዱ ሲጠፋ፦ አንቲቦዲውን ከመጣላችሁ በፊት

ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በጄል ለይቶ፣ ሜምብሬን በሚባል ስስ ገበታ ላይ አስተላልፎ የሚፈለገውን በአንቲቦዲ ማሳየት) ሠርታችሁ ሜምብሬኑ ባዶ ሲወጣ ቀድሞ የሚታማው አንቲቦዲው ነው። በፒ53 ጉዳይ ግን ሐሜቱ ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ነው። ይህ ፕሮቲን ዲኤንኤው የተጎዳን ሴል መከፋፈል እንዲያቆም ወይም ራሱን እንዲያጠፋ ያዛል። ጤነኛ ሴል እንዲህ ያለውን አዛዥ ያለ ሥራ አያስቀምጠውም፤ ኤምዲኤም2 የሚባል ሌላ ፕሮቲን ምልክት እየለጠፈበት ፕሮቲያሶም የሚባለው የሴሉ ፕሮቲን መፍጫ ይፈጨዋል። በ20 ደቂቃ ገደማ ግማሹ ያልቃል።

ምልክት፦ አክቲን አለ፣ ፒ53 የለም

በየሴሉ ስለሚገኝ ለማነጻጸሪያ የምናየው ፕሮቲን፣ አክቲኑ፣ ጥርት ብሎ ከታየ ጄሉንም ትራንስፈሩንም እለፏቸውና ሴሉን ጠይቁ። ኤች1299 እና ሳኦስ-2 የሚባሉት የላብራቶሪ የካንሰር ሴሎች ፒ53 ጭራሽ አይሠሩም፤ በእነሱ ላይ ባዶ ሜምብሬን ትክክለኛ ውጤት ነው፣ ለኔጌቲቭ ኮንትሮልም ይጠቅማል።

እኔን የሸወደኝ ሄላ የሚባለው ሴል ነው። አንቲቦዲውን 1 ለ1000፣ 1 ለ500፣ 1 ለ200 እያልኩ ባጠነክረው የጨመረው የጀርባው ጥቁረት ብቻ ሆነ። ሄላ የመጣው ከማኅፀን በር ካንሰር ነው፤ ውስጡ ያለው የኤችፒቪ-18 ቫይረስ ኢ6 በሚባል ፕሮቲኑ ፒ53ን እየያዘ ያስፈጨዋል። ጂኑ ደህና ነው፣ ፕሮቲኑ ግን አይበረክትም።

መፍትሄ፦ ኤምሲኤፍ-7 የሚባሉትን፣ ፒ53ቸው ጤነኛ የሆነ የካንሰር ሴሎች በሁለት ሳህን አሳድጉ። አንዱን ዲኤንኤን የሚጎዳውን መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲን፣ ጨምራችሁበት ይደር፣ ሌላውን እንዳለ ተዉት። መድኃኒት ያገኘው ከደመቀ አንቲቦዲው ደህና ነው። ሁለቱም ባዶ ከሆኑ ያኔ ጠርጥሩት።

ናሙናው የአይጥ ከሆነ ደግሞ ምርመራው አጭር ነው፦ ዲኦ-1 የሚባለው አንቲቦዲ የሚይዘው የሰውን ፒ53 ከ20ኛው እስከ 25ኛው አሚኖ አሲድ ያለውን ቦታ ነው፣ የአይጡን አያውቀውም። የአይጡን የሚይዘውን ሲኤም5 አንቲቦዲ ተጠቀሙ።

ምልክት፦ የፒ53 ክብደት በስሌት 43.7 ኪሎዳልተን፣ ባንዱ 53 ላይ

ምንም አልተበላሸም። በፕሮሊን የተሞላው ክፍሉ በጄል ውስጥ ጉዞውን ያዘገየዋል፤ በ1979 ሲገኝም 53 ላይ ስለታየ ስሙ እንዲሁ ቀረ። ከዚያ በታች ብትንትን ያሉ ባንዶች ካያችሁ ግን ሴሉ ሲፈነዳ የወጡት ፕሮቴዞች (ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች) ቆርጠውት ሊሆን ይችላል። ፕሮቴዞቹን የሚያግደውን ኢንሂቢተር ትኩስ ጨምሩ፣ ናሙናውን ከበረዶ አታውጡት።

ምልክት፦ ያለ መድኃኒትም ባንዱ በጣም ደማቅ ነው

ይህኛው ደስ ስለሚያሰኝ ነው የሚያሳስተው። ኤ431 እና ኤስኬ-ቢአር-3 በሚባሉት የካንሰር ሴሎች ውስጥ ያለው ፒ53 ሚውቴሽን አለበት፤ የተበላሸው ፒ53 ኤምዲኤም2ን እንደሚገባ ስለማያሠራ የሚፈጨው አጥቶ ይከማቻል። ዲኦ-1 ደግሞ ጤነኛውንና የተበላሸውን አይለይም። ቁርጡን የሚነግራችሁ ጂኑን ማንበብ ነው። እስከዚያው ግን ዶክሶሩቢሲን ባገኙት ሴሎች ላይ ጤነኛ ፒ53 የሚያስነሣውን ፕሮቲን፣ ፒ21ንም እዩ፦ ፒ53 ደምቆ ፒ21 ካልተነሣ፣ የምታዩት ሥራ የፈታ ፒ53 ሳይሆን አይቀርም።