ልጆች ይዞ፣ ድንኳን ጭኖ፣ በመኪና ወደ ዱር

ቤተሰብ ይዞ ካምፒንግ ሊወጣ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ድንኳን ነው። ድንኳን ቀላል ነው። «አራት ሰው ይይዛል» የተባለው አራት ሰው የሚይዘው እንደ ጣውላ ተደርድረው ከተኙ ነውና ከቤተሰቡ ቁጥር ሁለት ሰው ጨምራችሁ ግዙ። አለቀ። የሚከብደው ሰዓቱ ነው።

ብዙ የዱር እንስሳት በብዛት የሚንቀሳቀሱት ማለዳና አመሻሽ ላይ ነው። እነሱን ለማየት ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም፤ ለመንዳት ደግሞ ከዚህ የባሰ የለም። ስለዚህ ረጅሙን መንገድ በጠራራ ፀሐይ እንጨርሰዋለን። ፀሐይ ልትጠልቅ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ሲቀራት ማደሪያችን ላይ እንገኛለን። ባለቤቴ ሁሌም «ትንሽ እንግፋ፣ ቀጣዩ ቦታ ይሻላል» ይላል። አልሰማውም።

ግን ቢመሽባችሁስ? ቀስ በሉ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። እግራችሁ ፍሬን እስኪነካ ብቻ ሠላሳ ሜትር ያህል አልፋችኋል። አጋዘን መብራት ሲያርፍባት መሮጡን ትታ ድርቅ ብላ ልትቆም ትችላለች። አንዷ ከተሻገረች ደግሞ ሌላ ልትከተላት ትችላለችና «አለፈች» ብላችሁ ነዳጅ አትርገጡ። ድንገት ከገባችባችሁ ፍሬን ያዙ፣ መስመራችሁን አትልቀቁ። መሪ ጠምዝዞ መገልበጥ እሷን ከመግጨት ይብሳል። የብዙ እንስሳት ዓይን ከኋላው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው በጨለማ ያበራል። እኔ ትልቋን ልጄን ፊት ወንበር ላይ «ዓይን ፈላጊ» አድርጌ ሾሜያታለሁ። ሥራዋን በጣም ታከብራለች፤ አንዳንዴ የመንገድ ምልክት አንጸባርቆም ታስቆመናለች።

እንስሳ ሲገኝ ከመኪና አትውረዱ። ብዙ ጎብኚ በሚያይበት ፓርክ ያሉ እንስሳት መኪናን እንደ አንድ ትልቅ ነገር ለምደውታል። በር ሲከፈት ወይም አንድ ልጅ ግማሽ አካሉን በመስኮት ሲያወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ዝሆን ጆሮዋን ዘርግታ ጭንቅላቷን ከነቀነቀች ሰላም እያለቻችሁ አይደለም። ክላክስ ሳትነኩ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ግልገል ብቻውን ካያችሁ እናቱ ቅርብ ናት፤ መሀላቸው አትግቡ።

በእግር ስትሆኑ ርቀት የሚለካው በአውራ ጣት ነው። ክንዳችሁን ዘርጉ፣ አንድ ዓይን ጨፍኑ፣ አውራ ጣታችሁን እንስሳው ላይ አድርጉ። ካልሸፈነው ቀርባችኋል ማለት ነው። በአሜሪካው የሎውስቶን ፓርክ ሕጉ ከድብና ከተኩላ 91 ሜትር፣ ከጎሽና ከመሳሰሉት ደግሞ 23 ሜትር መራቅ ነው። ለልጅ ይህን ቁጥር ከመንገር አውራ ጣቱን ማሳየት ይቀላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሽታ። እንስሳ ድንኳናችሁ ድረስ ከመጣ ብዙ ጊዜ የጠራው የምግብ ሽታ ነው። በሌላው የአሜሪካ ፓርክ በዮሰማይት ሌሊት ምግብ መኪና ውስጥ መተው ክልክል ነው፤ ድቦቹ በር ገንጥለው ይገባሉ። ድብ ባለበት አገር የሚበስለውም የሚቀመጠውም ከድንኳኑ 100 ሜትር ያህል ርቆ ነው። ዝንጀሮ ባለበት ዚፕ ብቻውን አያድንም፤ መክፈት ይችሉበታል፣ ካቃታቸውም ድንኳኑን ይቀድዱታል። ጅብ ባለበት የቆዳ ጫማ ውጭ አያድርም።

ምግብ ስል ደግሞ እንጀራና ሥጋ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የጥርስ ሳሙና፣ የፀሐይ ክሬም፣ የሕፃን ቅባት ለእንስሳ አፍንጫ ሁሉም አንድ ናቸው። በተለይ የልጅ መቀመጫ ሥር ያለውን ፍርፋሪ ፈትሹ፤ የማታውቁት ጓዳ እዚያ አለ። እኛ ከመተኛታችን በፊት የኪስ ፍተሻ እናካሂዳለን። ትንሹ ልጄ ብስኩት ካልሲው ውስጥ መደበቅ ስለጀመረ አሁን ካልሲም ይፈተሻል።

ድንኳን ስትተክሉ ሣሩ ተረግጦ ወደ ውሃ የሚወስድ መንገድ በሆነበት መስመር ላይ አትትከሉ። ጉማሬ ሌሊት ከውሃ ወጥቶ ሣር የሚግጠው በዚያው መንገዱ ነው። የፓርክ ጠባቂ ካለ ሰሞኑን ምን በየት እንዳለፈ ጠይቁት፤ ከየትኛውም ካርታ የተሻለ ያውቃል።

ማታ ሁሉም ሽንት ቤት ደርሶ ይገባል፣ ዚፕ እስከ ታች ይዘጋል። ሙቀት ነው ተብሎ አይከፈትም። ለትንንሾቹ ፖፖ ድንኳን ውስጥ ይቀመጥ፤ ማንም ልጅ በሌሊት ብቻውን አይወጣም። የጅብ ጩኸት ኪሎ ሜትሮች አቋርጦ ስለሚሰማ «እዚህ በር ላይ ነው» ላሉ ልጆች ይህንኑ ንገሯቸው። ጠዋት ጫማ ሳይራገፍ አይደረግም። አልትራቫዮሌት ባትሪ ካላችሁ ጊንጥ በእሱ ብርሃን አረንጓዴ ሆኖ ስለሚያበራ ፍለጋው ለልጆች ጨዋታ ይሆናል፤ እጅ ሳይነካ፣ ቦት ጫማ ተደርጎ።

ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ «ቁም!» የሚባል ጨዋታ አለማምዷቸው። ሲባሉ ባሉበት ይደርቃሉ፣ ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ ወደ እናንተ ያፈገፍጋሉ። ከአዳኝ እንስሳ ፊት የሚሮጥ ነገር ይባረራልና እግሬ አውጪኝ ማለት አይሠራም።

እባብ ከነደፈ አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ አጥብቃችሁም አትሰሩ። ቀለበትና ጫማ አውልቁ፣ የተነደፈው አካል ሳይንቀሳቀስ ወደ ሐኪም ቤት። ጦጣም ሆነ ቀበሮ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ፍለጋ በቀጥታ ሂዱ፤ ቁስሉ ትንሽ ነው አይባልም። የቅርቡን ሆስፒታል ቦታም ኔትወርክ ሳይጠፋ ስልካችሁ ላይ አውርዳችሁ ያዙ።