አዲስ አልበም ሲወጣ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሐሙስ ሌሊት 6 ሰዓት ሲሞላ ስንቱ ስልኩን ይዞ ይጠብቃል። ከ2015 ጀምሮ አብዛኛው የዓለም አልበም የሚለቀቀው አርብ ነው (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። አርብ ጠዋት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካፌ ገብተን ማኪያቶ ስናዝ ፍርዱ ተሰጥቶ አልቋል። "ቀሽም ነው።" "እሳት ነው።" "ሰውዬው አብቅቶለታል።"

እኔ ሮክም ራፕም እወዳለሁ። ስለ አልበም መከራከር ደግሞ አልበሙን ከመስማት እኩል ደስ ይለኛል። ለዚህ ነው ክርክሩ ሲበላሽ የሚቆጨኝ። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች ጓደኞቼ ሲሠሩ አይቻለሁ፤ አብዛኞቹን እኔም ሠርቻለሁ።

በስልክ ስፒከር ሰምቶ መፍረድ

በጣም የተለመደው ይሄ ስለሆነ በሱ ልጀምር። አሜሪካዊው ራፐር ኬንድሪክ ላማር "ጂኤንኤክስ"ን በኖቬምበር 2024 ሳያስታውቅ ነው የለቀቀው። እኛ ጋ አርብ ማታ ሆኖ ነበር። በማግስቱ ሦስት ሆነን ካፌ ተቀመጥንና ድምፁ እንዲጎላ ስልኩን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ ከተትነው። ከጀርባችን የቡና ማሽኑ ይጮሃል። ከውጭ ወያላው "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" ይላል። አልበሙ የሚከፈተው በአንዲት ሜክሲኳዊት ዘፋኝ ድምፅ ነው፤ ዴይራ ባሬራ ትባላለች። ከብርጭቆው ውስጥ የወጣው ግን የቆርቆሮ ድምፅ ነበር። አንደኛው ጓደኛዬ "ቢቱ ባዶ ነው" አለ፤ ከግጥሙ ስር የሚሄደውን ሙዚቃ ማለቱ ነው። እኛም ተስማማን።

ቢቱ ባዶ አልነበረም። ግማሹ ስላልተሰማን ነው። የዛሬ ራፕ መሠረቱ ከታች የሚመታው ወፍራም ቤዝ ነው። ይህ ድምፅ የመጣው ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1980 ካወጣው ቲአር-808 የድራም ማሽን ነው። በሰከንድ 50 ጊዜ አካባቢ ብቻ የሚርገበገብ ድምፅ ነው። የስልክ ስፒከር ደግሞ የጥፍር ያህል ስለሆነ ይህን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ ማውጣት አይችልም። ያንኑ አልበም ማታ ቤቴ በደህና ሄድፎን ስሰማው ያልነበረ ወለል ከእግሬ ስር የተነጠፈ መሰለኝ። ውድ ዕቃ ግዙ እያልኩ አይደለም። ከመፍረዳችሁ በፊት ቢያንስ አንዴ ቤዙ በሚሰማበት ነገር፣ ጸጥ ባለ ቦታ ስሙት ነው የምለው።

ሮክም ላይ ያው ነው። ጊታሩ ጎልቶ ሲወጣና ቤዙ ሲጠፋ "ጩኸት ነው" እንላለን። የጮኸው ግን ስልኩ ነው።

ቅደም ተከተሉን ማፍረስ

ካሴት እያለ ይሄ ችግር አልነበረም። ፒያሳ ካሴት ቤት ቆመህ ሻጩ ትንሽ ያሰማሃል፤ ገዝተህ ትሄዳለህ፤ ጎን ሀ ካለቀ ትገለብጠዋለህ። አንድ ዘፈን መዝለል ከፈለግህ ቴፑ እስኪሄድ መጠበቅ ነው፤ ባትሪ ለመቆጠብ ደግሞ በእስክሪብቶ ማጠንጠን። ስለዚህ ሳትወድ በግድህ በተርታ ትሰማለህ። ከዚያ ፒያሳ ብዙው በ2024 ፈርሷል። እኔን ግን ከሕንፃዎቹ እኩል የናፈቀኝ ያ አሰማም ነው።

አሁን አልበሙ ቴሌግራም ላይ ተበታትኖ ይመጣል። አሥረኛው ትራክ ቀድሞ ይወርዳል፤ አራተኛው ጭራሽ የለም። ዩቲዩብ ደግሞ በሁለት ዘፈን መሃል የሌላ ሰው ዘፈን ይሰካል። ከዚያ "አልበሙ አይያያዝም" እንላለን።

ቅደም ተከተል ትርጉም እንዳለው ለማየት የኬንድሪክን የ2017 "ዳም" ውሰዱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ያንኑ አልበም ትራኮቹን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ገልብጦ እንደገና አወጣው። ዘፈኖቹ ያው ናቸው፤ የሚነግሩህ ታሪክ ግን ሌላ ይሆናል። ከፊት ስትሰማው ሞት የሚጠብቀው ሰው አለ፤ ከኋላ ስትሰማው ያመለጠ ሰው። ይህን አስቦ የሠራን ሰው ሥራ አደባልቀን ሰምተን መፍረድ ልክ አይደለም። "ዳም" በ2018 የፑሊትዘር የሙዚቃ ሽልማት አግኝቷል። ከክላሲካልና ከጃዝ ውጭ ያለ ሥራ ሲያገኘው የመጀመሪያው ነበር።

"የድሮውን አምጡልኝ"

የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ሮሊንግ ስቶንስ በ2023 "ሃክኒ ዳይመንድስ"ን ሲያወጡ እኔ ሳልሰማው ደምድሜ ነበር። ራሳቸው የጻፏቸውን አዳዲስ ዘፈኖች የያዘ አልበም ካወጡ 18 ዓመት ሆኗቸዋል። ድራመራቸው ቻርሊ ዋትስ በ2021 ሞቷል። "ከዚህ በኋላ ምን ቀራቸው?" አልኩ። ይህን ያልኩት አምባሳደር አካባቢ፣ ድሮ የሆቴል ባንድ ውስጥ ድራም ይመቱ የነበሩ አንድ ጋሼ በተቀመጡበት ነው።

"'ላይቭ ባይ ዘ ሶርድ' ላይ ድራሙን የመታው ማነው?" አሉኝ።

"አላውቅም ጋሼ።"

"ቻርሊ ነው። ከመሞቱ በፊት የቀዳው ነው። ስማው እስቲ።"

ከዚያ ከሻይ ሳህኑ ሁለት ማንኪያ አነሱ። በቀኝ እጃቸው ሳህኑን እየመቱ ሃይ-ሃቱን፣ ጥንዱን ጸናጽል፣ አሳዩኝ። በግራ እጃቸው ጠረጴዛውን ሲመቱ፣ ያ ስኔሩ ነው፣ ጠንካራውን ምት የሚሰጠው ከበሮ፣ የቀኙን ማንኪያ በዚያችው ቅጽበት ከሳህኑ ላይ አነሱት። "አየህ? ሁለቱን አንድ ላይ አይመታም። ይተዋል። ያቺ የተወው ቦታ ናት ዘፈኑን የምታስተነፍሰው።" ደጋግመው አሳዩኝ። ማታ ዘፈኑን ስከፍት ያቺን ቦታ ሰማኋት። ቤዙን የሚጫወተው ደግሞ ባንዱን ለቆ የነበረው የድሮው ቢል ዋይማን ነው። ቻርሊ አልበሙ ላይ ያለው በሁለት ዘፈን ነው፤ በአብዛኛው ድራሙን የመታው ስቲቭ ጆርዳን ነው። አሁን ሁለቱን ለይቼ እሰማለሁ። በዚያ ድምዳሜዬ ብጸና ኖሮ ይህን ሁሉ አጣው ነበር።

የድሮውን መውደድ ጥሩ ነው። ስህተቱ አዲሱን የድሮው ፎቶ ኮፒ ስላልሆነ ብቻ መጣል ነው።

ግጥሙን መዝለል

እዚህ ላይ አበሻ ሰበብ የለውም። ሰምና ወርቅ እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። አንድ ቃል ሁለት ቦታ ሲቆረጥ ሁለት ትርጉም እንደሚሰጥ ማንም አላስተማረንም፤ ከእናታችን ጉያ ሰምተነዋል። ጎበዝ ራፐር የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ቃሉን ይሰብራል፣ ያገናኛል፣ ወርቁን ይቀብራል። እንግሊዝኛው ፈጥኖ ሲያመልጠን ግን "ስድብ ብቻ ነው" ብለን እናልፋለን። ግጥሙ ኢንተርኔት ላይ ተጽፎ ይገኛል። አንዴ እያነበባችሁ ስሙት። ስድቡ አይጠፋም፤ ስድቡን ማን ለማን እንደሚናገረው ግን ይገባችኋል። አንዳንዴ ራፐሩ የሚያወራው በራሱ ድምፅ ሳይሆን በሌላ ሰው አፍ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ሳምፕልን ሌብነት ማለት

ሳምፕል ከሌላ ሰው ቅጂ ቁራጭ ወስዶ በአዲስ ዘፈን ውስጥ መጠቀም ነው። ራፐሩ ናስ እና የሬጌ ዘፋኙ ዴሚያን ማርሌይ በ2010 "ዲስታንት ሬላቲቭስ"ን ሲያወጡ የመጀመሪያው ዘፈን፣ "አዝ ዊ ኤንተር"፣ የቆመው በሙላቱ አስታጥቄ "የግሌ ትዝታ" ላይ ነበር። ያን ሰሞን "ዘፈናችንን ሰረቁ" ሲባል ሰምቻለሁ። ዛሬም አንድ አዲስ አልበም ውስጥ የኛ ቅኝት ብቅ ካለ ያው ወሬ ይነሳል።

መጀመሪያ የአልበሙን የባለመብት ዝርዝር ማየት ነው። ሳምፕል በሕግ ሲሠራ ፈቃድ ይጠየቅበታል፤ ይከፈልበታል፤ ስም ይጻፍበታል። ስሙ ከሌለ እኔም አብሬ እጮሃለሁ። ስሙ ካለ ግን የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ የወሰዱትን ምን አደረጉት? ሙላቱ በቀስታ የሚያስኬደውን እነ ናስ ሩጫ አድርገውታል። አንዱ መስመር ሲጥል ሌላው ያነሳዋል። በእኔ ጆሮ ጥሩ አድርገዋል።

ሮክ ላይ ደግሞ ጌታቸው መኩሪያን አስታውሱ። ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተ ሰው ነው። በ2006 ዘ ኤክስ ከተባለው የኔዘርላንድ የፐንክ ባንድ ጋር "ሞዓ አንበሳ" የሚል አልበም ሠራ። እንዲያጅቡት የጠየቃቸው እሱ ራሱ ነው። "ሮክ የኛ አይደለም" ለሚል ሰው ይህን አልበም አሰማዋለሁ። የጊታሩ ሻካራነትና የሽለላው ቁጣ አንድ ቤት የተወለዱ ነው የሚመስሉት። በ2012 ጃኖ ባንድ "ኤርታሌ"ን ሲያወጣም ያው ክርክር ነበር። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነው። ብዙ ሰው ስለ ልጆቹ ፀጉርና ልብስ አወራ። ድምፆቹ በቅኝታችን ሲወጡ ከስር ጊታሩ እንዴት እንደሚከተላቸው ያወራ ትንሽ ነበር።

"የኛ ልጅ ነው"

ዘ ዊክንድ፣ አቤል ተስፋዬ፣ ራፐር አይደለም፤ ግን በየካፌው የሚነሳው ከራፐሮቹ ጋር ስለሆነ ይግባ። አዲስ አልበሙ ሲወጣ ስንት የአማርኛ ቃል አለበት ብለን እንፈልጋለን። በ2015 "ዘ ሂልስ" መጨረሻ ላይ አማርኛ ስንሰማ የተሰማንን ደስታ አልክድም። እኔም መልሼ መላልሼ ሰምቼዋለሁ። ግን እዚያው ቆመን ቀረን። በ2025 የወጣው "ሃሪ አፕ ቱሞሮው" መጨረሻው ላይ በ2011 ወደ ወጣው የመጀመሪያ ሥራው መክፈቻ ዘፈን ይገባል። ሰውዬው ዘ ዊክንድ የሚለውን ስም ተሰናብቼ ልተወው ነው ባለበት አልበም ክቡን ገጥሞ ዘጋው። አማርኛ ብቻ እየፈለገ የሰማ ሰው ይህ ያልፈዋል። የኛ ልጅ ነው ካልን ሥራውን በሙሉ እንስማለት።

ቪው መቁጠር

ይሄ አጭር ነው። ስፖቲፋይ ላይ አንድ ዘፈን 30 ሰከንድ ከተሰማ ተሰማ ተብሎ ይቆጠራል። ሰላሳ ሰከንድ ሰምቶ የጠላውም ተቆጥሯል ማለት ነው። ቁጥሩ የሚነግረን ስንት ሰው እንደከፈተው ነው።

የሌላ ሰው አስተያየት መዋስ

አልበሙን ሳንሰማ የሪአክሽን ቪዲዮ እናያለን። ሰውዬው ካሜራ ፊት ራሱን ይይዛል፣ ይጮሃል፣ ያቆመዋል። ከዚያ እኛ ስንሰማ እሱ በጮኸበት ቦታ ላይ እንጮሃለን። ሐያሲ የጻፈውን ማንበብ እወዳለሁ፤ ግን ራሴ ከሰማሁ በኋላ። ሐያሲና አድማጭም ይሳሳታሉ። ዊዘር የተባለው የሮክ ባንድ በ1996 "ፒንከርተን"ን ሲያወጣ የሮሊንግ ስቶን መጽሔት አንባቢዎች ከዓመቱ መጥፎ አልበሞች አንዱ ነው ብለው መረጡት። በ2002 የዚያው መጽሔት አንባቢዎች ከምንጊዜም ምርጥ አልበሞች 16ኛ አደረጉት። አልበሙ አንድ ኖታ አልተቀየረም።

ሐሳብ መቀየርን እንደ ሽንፈት ማየት

የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ዘ ኪዩር በኖቬምበር 2024 "ሶንግስ ኦፍ ኤ ሎስት ወርልድ"ን አወጡ። ከ16 ዓመት በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ዘፈን፣ "አሎን"ን፣ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ስሄድ ታክሲ ውስጥ ከፈትኩት። ጊታርና ኪቦርዱ ይሄዳል፣ ይሄዳል፤ ሰውዬው አይዘፍንም። ከሦስት ደቂቃ በላይ ድምፁ የለም። "ወራጅ አለ!" ብዬ ስወርድ ገና ሁለት መስመር ቢዘፍን ነው። ካፌ ደርሼ "ይደብራል፣ ደክመዋል" አልኩ። ሁሉም ሰሙኝ።

ከሳምንት በኋላ በኅዳር ብርድ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ስምንት ዘፈን ነው። ከመካከላቸው አንዱን ዘፋኙ ሮበርት ስሚዝ የጻፈው ለሞተ ወንድሙ ነው። እሱ ላይ ስደርስ ያ ሁሉ ዝግታ ገባኝ። ለቅሶ ቤት ገብቶ የሚቸኩል የለም። ሰው ገብቶ ይቀመጣል፤ ዝም ይባላል፤ ከብዙ ዝምታ በኋላ ነው አንድ ሰው አፍ የሚያወጣው። "አሎን"ም እንደዚያ ነው። እኔ ግን ገና በሩ ላይ ሳለሁ ነው የፈረድኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያችው ካፌ ተገናኘን። ማኪያቶው ሳይመጣ "ያን ቀን ስለ ኪዩር ያልኩት ስህተት ነው፤ አሁን ሰምቼዋለሁ" አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ "ቢቱ ባዶ ነው" ያለው ያ ጓደኛዬ እጁን ዘረጋ። "እስቲ ሄድፎኑን አምጣው" አለኝ። ሰጠሁት። ጆሮው ላይ አድርጎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ማኪያቶው መጥቶ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አላወለቀውም።